አፕላችሁ ለምን አያብብም? ከአበባው ጂን ተነስቶ ችግሩን ማግኘት

ካቻምና ታህሳስ ላይ ጎረቤቴ ጋሼ ጠሩኝና ጓሮ ያለውን አፕል እያሳዩኝ "ይሄን ቆርጬ ጌሾ ልተክልበት ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ፍግ አበላሁት ውሃ አጠጣሁት አንድ አበባ አላሳየኝም፣ መካን ነው" አሉኝ። ዛፉን አየሁት፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ጦር ወደ ላይ የቆመ፣ በሽታ የሚባል ነገር የለበትም። "ጋሼ እስቲ ይቆዩ አይቁረጡት፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተያዘ እንየው" አልኳቸው። ምክንያቱም መካን የሚባል አፕል እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ያጋጠመኝ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የተያዘ ነው፣ የተያዘበት ቦታ ደሞ ምልክት አለው በአይን ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅጠል እስከ አበባ ድረስ ጂኖች እየተቀባበሉ የሚያደርሱት መልእክት አለ። ኤፍቲ የሚባለው ጂን ቅጠል ውስጥ ነው የሚሰራው፣ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኳር በሚሄድበት መንገድ አብሮ ተጉዞ እንቡጡ ጫፍ ይደርስና "አበባ ሁን" ይለዋል። የሶቭየቱ ሳይንቲስት ቻይላኽያን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ይሄ መልእክት መኖሩን ገምቶ ፍሎሪጅን ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር፣ ግን ተጓዡ የኤፍቲ ፕሮቲን መሆኑ የታየው 70 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2007 ነው። እንቡጡ ጫፍ ላይ ደሞ ቲኤፍኤል1 የሚባል ሌላ ጂን እንደ ዘበኛ ቁጭ ብሏል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ፕሮቲናቸው በጣም ይመሳሰላል፣ ስራቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ኤፍቲ "አብብ" ሲል ቲኤፍኤል1 "ገና ነህ ቅጠል አውጣ" ይላል። ኤፍቲ ሲያሸንፍ ሊፊ እና ኤፒ1 የሚባሉት ይነሳሉ፣ እነሱ ከተነሱ ያ ጫፍ አበባ ነው የሚሆነው። በመጨረሻ ዳም የሚባሉ ጂኖች ይመጡና እንቡጡን ዘግተው ያስተኙታል፣ በቂ ብርድ እስኪቀምስ አይለቁትም።

ስለዚህ አፕላችሁ ካላበበ ወይ ዘበኛው አላሳለፈም፣ ወይ መልእክቱ በሰዓቱ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ተሰርቶ ተኝቶ ቀርቷል። እነዚህን ሳትለዩ ዩሪያ መጨመር ወይ መቀስ ማንሳት ነገሩን ያብሰዋል፣ ብዙ ሰው ደሞ የሚያደርገው እሱኑ ነው።

መጀመሪያ ምላጭ ያዙ

ዛፉ እድገቱን አቁሞ በተኛበት ሰሞን ከተለያየ ቅርንጫፍ አስር የሚሆኑ እንቡጦች ልቀሙ። ረጃጅም ቅርንጫፉ ጎን ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ስፐር ከሚባሉት፣ ጣት ከምታክል አጭርና የተጨማደደች ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለውን ውሰዱ፣ አፕል በአብዛኛው አበባውን የሚሸከመው እዛ ላይ ነው። ከዛ በአዲስ ምላጭ ከጫፉ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቁትና በአጉሊ መነጽር እዩት፣ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርባችሁም ይሆናል።

የቅጠል እንቡጥ ቀጭንና ሹል ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ስትሰነጥቁት ውስጡ እንደ ጥቅል ጎመን የተደራረበ ቅጠል ብቻ ነው። የአበባ እንቡጥ ግን ወፈር ክብ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጸጉር አለው፣ ስትከፍቱት ትናንሽ ቅጠሎች መሃል ላይ አንዷ ተለቅ ያለች ዙሪያዋን አራት አምስት አነስ ያሉ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አረንጓዴ ጉብታዎች ተሰብስበው ታገኛላችሁ። እያንዳንዷ ጉብታ አንድ አበባ ናት። የመሃሏ ቀድማ ነው የምትፈካው፣ ትልቁ ፍሬም ከሷ ነው የሚመጣው። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ገና ምንም የማይታይበት ደረቅ የሚመስል እንጨት ውስጥ ሁሉ ነገር ተሰርቶ አልቆ ተኝቷል።

አስሩንም ስትሰነጥቁ አበባ ካገኛችሁ ችግራችሁ የብርድ ማነስ ነው፣ ወደ ዳም ጂኖቹ ሂዱ። አስሩም ቅጠል ብቻ ከሆኑ ቀጥሉ። የጋሼን አስራ አምስት ሰነጠቅን፣ አስራ አምስቱም ቅጠል።

ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩ

ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ሁለት ስንዝር ላይ፣ ግንዱ ጎበጥ ያለበት ወይም የቅርፊቱ መልክ የሚለወጥበት ጠባሳ መኖር አለበት፣ ግራፍት የተደረገበት፣ ከሌላ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተለጠፈበት ቦታ ማለት ነው። የጋሼ ዛፍ ላይ ምንም የለም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ። ችግኙን የሸጠላቸው "የተዳቀለ ነው" ብሏቸው ነበር፣ ግን ከዘር የበቀለ ችግኝ ነው የሸጠላቸው። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ አንድ አዛውንት ሰባት ዓመታቸውን ሰጥተውበታል።

ከዘር የበቀለ አፕል ልጅ ነው። በልጅነቱ ቲኤፍኤል1 በሀይል ይሰራል፣ ከቅጠል የሚመጣው መልእክት ቢደርስም ዘበኛው አያሳልፈውም፣ አምስት ስድስት ዓመት አንዳንዴም ከዛ በላይ እንዲሁ ይቀጥላል። ጥፋቱ የዚህ ዘበኛ መሆኑን በደንብ ያሳዩት ጃፓኖች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 2006 ባወጡት ስራ አፕል ላይ ቲኤፍኤል1ን ዝም ሲያሰኙት ችግኙ ግራፍት ከተደረገ በስምንት ወሩ አበበ፣ ያልተነካው ጓደኛው ግን ስድስት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው። አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ደሞ ፕለም ላይ በተቃራኒው ሄደው መልእክተኛውን አበዙት፣ ፖፕላር ከሚባል ዛፍ የተወሰደ ኤፍቲ ጂን ጨመሩበትና ዓመት ሳይሞላው አበበ። ይሄ ለዝርያ አሻሻዮች ትልቅ ነገር ነው፣ ዛፍ አዳቅሎ ልጁን ለማየት አስር ዓመት መጠበቅ ቀረ ማለት ነው፣ በመጨረሻ ለገበሬ የሚሰጠው ዛፍ ላይ የተጨመረው ጂን እንዳይኖር ያንን ያልወረሱትን ልጆች ይመርጣሉ። እኛ ጋ ጓሮ ድረስ የሚመጣ ነገር አይደለም ግን ምን መንካት እንዳለብን ይነግረናል።

ሌላም የጋሼ ጥፋት ነበር፣ ሳያውቁት። ዛፉ ወደ ላይ እንዳይሄድ ብለው በየዓመቱ አናቱን ይቆርጡታል። ልጅነት የሚለቀው ከላይ ነው፣ ግርጌው ሁሌም ልጅ እንደሆነ ይቆያል፣ ስለዚህ አናቱን በቆረጣችሁ ቁጥር ለማበብ የቀረበውን ክፍል ቆርጣችሁ እየጣላችሁ ከልጁ ክፍል እንደገና እንዲያድግ እያደረጋችሁት ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ ካላችሁና መጠበቅ ከፈለጋችሁ አናቱን አትንኩት።

መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ግራፍት አድርጉበት። ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ልጅነቱን የጨረሰ ነው፣ የትም ብትለጥፉት አዋቂነቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ዛፉ በተኛበት ጊዜ ከሚያፈራ ዛፍ ላይ የአምና እድገት የሆነ እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ ሶስት አራት እንቡጥ እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የእናንተን ዛፍ ቅርንጫፍ በንጹህ መጋዝ ቆርጣችሁ አፉን በቢላ ሰንጥቁት፣ ያመጣችሁትን እንደ ሽብልቅ ቅረጹና አስገቡት። ዋናው ነገር ከቅርፊቱ ስር ያለችው ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከዛፋችሁ አረንጓዴ መስመር ጋር መገናኘቷ ነው፣ ቅርንጫፉ ከወፈረ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን አስጠግታችሁ ክተቱት። በፕላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ውሃና አየር እንዳይገባ አፉን በሰም ዝጉ። ዛፉን በአንድ ቀን ራቁቱን አታስቀሩት፣ ቅጠል ያላቸው አንድ ሁለት ቅርንጫፎች ተዉለት ስሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። አዲስ ችግኝ የምትገዙ ከሆነ ግን ጠባሳውን በአይናችሁ ሳታዩ ብር አታውጡ። ከጠባሳው በታች ያለው ስር የየትኛው ዝርያ እንደሆነም ጠይቁ፣ ኤም9 ድንክ ነው ቶሎ ያብባል ግን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል፣ ኤምኤም106 መካከለኛ ነው፣ ለጓሮ ይመቻል።

ብርድ የሚቆጥሩት ጂኖች

ዳም የሚባሉት የታወቁት በአንድ ሜክሲኮ በተገኘ ኮክ ምክንያት ነው። ያ ኮክ አይተኛም፣ ብርድ መጣ ቀኑ አጠረ ብሎ እድገቱን አያቆምም። ሲመረመር ተራ በተራ የተደረደሩ ስድስት ዳም ጂኖች ያሉበት ቦታ ላይ ቁራሽ ጠፍቷል። በጤነኛ ዛፍ እነዚህ ጂኖች እንቡጡን ይዘጉታል፣ ብርዱ ሰዓት በሰዓት እየተጠራቀመ ሲሄድ ቀስ በቀስ ዝም ይላሉ፣ ከዛ እንቡጡ ለሙቀት ይከፈታል። አፕልም የራሱ ተመሳሳይ ጂኖች አሉት።

የተለመደው አቆጣጠር ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሉትን ሰዓቶች መደመር ነው። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ብዙ ዝርያዎች 800ም 1000ም ሰዓት ይፈልጋሉ፣ አና እና ዶርሴት ጎልደን ግን ከ300 ሰዓት በታች ይበቃቸዋል። አና እስራኤል ውስጥ ኤይን ሼመር በሚባል ኪቡትዝ፣ የጋራ እርሻ መንደር ማለት ነው፣ የተዳቀለ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ ነው፣ ሁለቱም ሞቅ ያለ አገር ልጆች ናቸው። ጨንቻ 2700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆኖ እንኳን ብርዱ የሌሊት ነው፣ ቀን ላይ ፀሐዩ ሞቅ ያደርጋል፣ እና የቀን ሙቀት ሌሊት የተጠራቀመውን ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚህ "እኛ ደጋ ነን ብርድ ሞልቷል" ብላችሁ ከባድ ዝርያ አትትከሉ። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ህዳር ታህሳስና ጥር ሌሊት ዛፉ ላይ ስቀሉት፣ ንጋት ላይ እያያችሁ ጻፉ፣ የሰፈራችሁን ብርድ ከዛ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ብርድ ያነሰው ዛፍ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ይከፈታል ከስሩ ያለው ርዝመት ራቁቱን ይቀራል፣ አበባው አንዱ ዛሬ ሌላው ከወር በኋላ ይወጣል፣ ያረጀ ቅጠል አልረግፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው ዝርያውን መቀየር፣ ግራፍት አድርጋችሁም ቢሆን። ሁለተኛው ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ። ኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ባቱ በሚባል ደጋ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆነው አፕል በዓመት ሁለቴ የሚለቅሙት በዚህ ነው፣ ከለቀማ በኋላ ሰንበት ብለው ቅጠሉን በሙሉ በእጅ ያራግፉታል፣ ዛፉ በሳምንታት ውስጥ ያብባል። ሚስጥሩ ጊዜው ላይ ነው፣ እንቡጡ አበባውን ሰርቶ ከጨረሰ በኋላ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ሳይገባ። ስለዚህ መጀመሪያ ምላጩን ያዙ፣ ውስጡ ጉብታዎቹን ካያችሁ አራግፉ፣ ካላያችሁ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ሰንጥቁ። ስታራግፉ ቅጠሉን ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ አቅጣጫ ነው የምትቆነጥሩት፣ ወደ ታች ከሳባችሁ እንቡጡን ይዞት ይመጣል። ከማራገፋችሁ በፊት ያሉትን ሳምንታት ውሃ ቀንሱ፣ ናይትሮጅን ጭራሽ አትስጡ።

ሃይድሮጅን ሳያናማይድ የሚባል እንቅልፍ የሚሰብር ኬሚካል ትላልቅ እርሻዎች ይረጫሉ፣ ለጓሮ አልመክረውም። ቆዳ ያቃጥላል፣ የረጨ ሰው በዛው ሰሞን ጠላም ቢራም ቢቀምስ በጣም ነው የሚታመመው። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ አታስገቡት።

የሚቀጥለው ዓመት አበባ ዘንድሮ ነው የሚወሰነው

ግራፍቱ ትክክል፣ ዝርያው ትክክል፣ አምና በአበባ ተሸፍኖ የነበረ ዛፍ ዘንድሮ ጭር ካለ ዘበኛውን የቀሰቀሰው ፍሬው ራሱ ነው። አፕል የሚቀጥለውን አበባ መወሰን የሚጀምረው አበባው ከረገፈ ከሶስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ለውዝ የምታክለው ፍሬ እያደገች ሳለ አጠገቧ ያለው እንቡጥ ቅጠል ልሁን አበባ ልሁን እያለ ነው። ፍሬዋ ውስጥ ያሉት ዘሮች ጂብሪሊን የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ፣ ያ ሆርሞን ወደ እንቡጡ ሲፈስ አበባ መሆኑን ይከለክለዋል። ፍሬው ከበዛ ዘሩ በዛ፣ ዘሩ ከበዛ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የለም።

ስለዚህ ማሳሳት ነው፣ ያውም ቶሎ። አበባው ከረገፈ በአንድ ወር ውስጥ ከእያንዳንዱ እቅፍ አንድ ፍሬ ብቻ ተዉ፣ በፍሬና በፍሬ መሃል አንድ ስንዝር ያህል ይኑር። እጃችሁ ይከብዳል አውቃለሁ፣ እናቴ ስታየኝ "ምነው ልጄ የእግዜርን ፍሬ" ብላ ነበር፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ፍሬ ትልቅ እንዲሆን ብሎ ማሳሳት ለዘንድሮ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለከርሞው አበባ አይሆንም፣ እንቡጡ ወስኖ ጨርሷል።

በዚሁ ወቅት የቆመ ቅርንጫፍ አስተኙ። ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ቅርንጫፍ በእድገት ሆርሞን የተሞላ ነው፣ ስታስተኙት ሩጫው ይቆምና ጎኑ ላይ ያሉት እንቡጦች አበባ ለመሆን እድል ያገኛሉ። በሲባጎ አስራችሁ ሲባጎውን መሬት ላይ በተተከለ ችካል ያዙት፣ ከግንዱ 60 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፣ ከአግድም በታች አታውርዱት ምክንያቱም ጎባጣው ላይ ሌላ ጦር ያበቅላል። የምታስሩበት ቦታ ላይ ቅርፊቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉበት። እና መሃሉን ክፈቱት፣ ከሙሉ ፀሐይ ሲሶ ያህል ብርሃን የማያገኝ እንቡጥ አበባ አይሆንም፣ መልእክቱ ከቅጠል ነው የሚመጣው ብለናል፣ ጥላ ውስጥ ያለ ቅጠል የሚልከው የለውም።

አብቦ ፍሬ ካልያዘ

ኤፒ1 ከሰራ በኋላ ሌሎች ጂኖች አበባዋን ክፍል በክፍል ይሰሯታል፣ ውጪ አረንጓዴው ሽፋን፣ ቀጥሎ አምስት ቅጠለ አበባ፣ ቀጥሎ ሃያ ያህል ወንዴ፣ መሃል ላይ ሴቴዋ በአምስት ዘንግ። አንዱ ጂን ከጠፋ ክፍሉ ይቀየራል። ስፔንሰር ሲድለስ የሚባል አፕል ለምሳሌ ፒአይ የሚባለው ጂኑ ተበላሽቶበት ቅጠለ አበባም ወንዴም የለውም፣ ንብ አይስብም፣ ግን ያለ ዘር ፍሬ ይይዛል። የእናንተ ግን እንደዚህ የመሆኑ እድል በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ጎረቤት ማጣት ነው። አፕል የራሱን የአበባ ዱቄት የሚያውቅበት ጂን አለው፣ ኤስ ይባላል፣ የራሱ ዱቄት ሴቴዋ ላይ ቢያርፍ መንገድ ላይ ያስቆመዋል። አናን ብቻውን ከተከላችሁ ፍሬው ያንሳል፣ አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን ያስፈልገዋል፣ ቦታ ከሌላችሁ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ግራፍት አድርጉት።

ይሄንንም በቢላ ታረጋግጣላችሁ። ፍሬውን በወገቡ አግድም ቁረጡት፣ አምስት ክፍል ያለው ኮከብ ይወጣል፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ዘር ሲሆን አስር ይመጣል። ስድስት ሰባት ካገኛችሁ ደህና ነው። ሁለት ሶስት ከሆነና ፍሬው በአንድ ጎን ከሰለለ ዱቄት በደንብ አልደረሰም ማለት ነው፣ የሰለለው ጎን ዘር የሌለበት ነው። አበባዋ ውጪዋ ነጭ ሆኖ መሃሏ ከጠቆረ ደሞ ውርጭ ነው፣ ቀድማ የምትሞተው ሴቴዋ ናት፣ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ አካባቢ ከወረደ ይጀምራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አናን ናፍቃችሁ ጓሯችሁ የተከላችሁ ካላችሁ ችግራችሁ ይሄ ነው የሚሆነው፣ ብርዱን ቶሎ ቆጥሮ ስለሚጨርስ ክረምቱ ሳያልቅ ይፈካና ውርጭ ይበላዋል፣ እዛ ብዙ ብርድ የሚፈልገውን ነው መትከል።

ቆላ ያላችሁ ማንጎና ብርቱካን ላይ ዳም ውስጥ አትግቡ፣ እነሱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ሰሞን ራሱ ነው ኤፍቲን የሚያስነሳው፣ ብርቱካንን ደሞ ድርቀትም ያግዘዋል። ስለዚህ በዛ ሰሞን ውሃ መቀነስና ማዳበሪያ አለመስጠት ነው ስራው፣ አዲስ ቅጠል የሚያወጣ ማንጎ አበባ አያወጣም።

የጋሼን ዛፍ በዛው ታህሳስ አራት ቅርንጫፍ ላይ ሁለቱን አና ሁለቱን ዶርሴት አደረግንበት፣ አንዱ ደረቀ ሶስቱ ያዙ። አምና ክረምት ቅርንጫፎቹን በሲባጎ አስተኛናቸው፣ ፍጉንም ጋሼ ራሳቸው አቆሙ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሳይ ከአናው ላይ ሶስት አጫጭር ስፐሮች ወጥተዋል፣ ጫፋቸው ወፈር ብሏል ነጭ ጸጉር አለው። አንዱን ልሰንጥቅ ምላጭ ሳወጣ ጋሼ እጄን ያዙኝ፣ "ተው ልጄ፣ ይሄን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ" ብለው።